የነጠላው ጫፍ

ሰዒዳ ከአውቶብስ ወርዳ የእናቷን ግቢ በር ገፋ ስታደርግ መጀመሪያ ያየችው ከግድግዳው ሥር እየሾለከ በግቢው መካከል ወደ ቦዩ የሚወርደውን ቀይ ውሃ ነበር። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ቆመችና ሣቀች። «እማ፣ ለእኔ ብለሽ ነው ያረድሽው? ከወለድኩ በኋላም ይደርስ ነበር እኮ» አለች። ዓዲላ በሩ ላይ እንደቆመች የልጇን ፊት አየች እንጂ አልመለሰችላትም። ሰዒዳ ዝምታውን ከደስታ ቆጠረችው። ከጨፋ ሮቢት ድረስ ጉልበቷ ላይ ይዛው የመጣችውን ዘንቢል አስቀመጠችና፣ በጉ ከየት ተገዛ፣ ሥጋውስ ለጎረቤት ተዳረሰ ወይ እያለች ወደ ቤት ገባች። ወዲያው ተመልሳ ወጣች። አጥሩን ይዛ ጎንበስ አለችና አስመለሳት። ዓዲላ ጀርባዋን ስታሽላት ቆየችና፣ ስትረጋጋላት፣ «በግ አልታረደም» አለቻት። «ተከራዩ ያከማቸው ቆዳ ነው።»

ቆዳው ያለው ከዓዲላ መኝታ ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራው፣ በሩ ወደ ጓሮ በሚከፈተው ክፍል ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ከሠራቸው የኪራይ ክፍሎች የቀረላት እሱ ብቻ ነበር። መንገድ ዳር ያሉትን ሦስቱን የከተማ ቤት አዋጁ በወጣበት ዓመት ቀበሌ ትርፍ ቤት ብሎ ወስዷቸዋል፤ ይኸኛው የእህል ማስቀመጫ ነው ተብሎ ተረፈ። ማከራየት ክልክል ነው። ቢሆንም በከሚሴ አንድ ክፍል የተረፈው ሰው ሁሉ ያከራያል፤ ተከራዩንም የአጎቴ ልጅ ነው፣ የአማቴ ወንድም ነው እያለ ያስተዋውቃል። እነዚህን ሁሉ የአጎት ልጆች የሚያመጣው ደግሞ ጀይሉ ነው። ጀይሉ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነው፤ በሌላው ቀን የቤት ደላላ። ለዓዲላ ያመጣላት ሸሚዙን ያስተኮሰ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ወጣት አስተማሪ ነበር። ልጁ የክፍሉን ስፋት እንኳ ሳያይ ተስማማ። በሳምንቱ ቁልፉን ይዞ የመጣው ግን ቆዳ ነጋዴው ሙሐመድዘይን ነው። ከኋላው ሁለት አህያ ሙሉ እርጥብ ቆዳ ተከትሎታል። አስተማሪው በዚያ በር ገብቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሙሐመድዘይን ከሰንበቴ መልስ ቆዳውን ያራግፋል፤ ጨው ነስንሶ ይደራርበዋል፤ በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ጨውና ደም የቀላቀለው ውሃ በግድግዳው ሥር ወደ ዓዲላ በኩል ይመጣል። የግድግዳው ጭቃ ረጥቦ ወዝቷል፤ በእጅ ሲነኩት እንደ ሞራ ያሟልጫል። ዝንቡ ከማለዳ ጀምሮ ጣራው ሥር ያጓራል። ዓዲላ የመስገጃ ቁርበቷን ከመኝታዋ አጠገብ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ደጅ አውጥታዋለች። እንጀራ ስትቆርስ ሽታው ከጣቷ ይመጣባታል። አንድ ቀን ትራሷን ስታገላብጥ ከሥሩ ነጫጭ ትሎች አግኝታ፣ ትራሱን በእንጨት ይዛ ወስዳ ቦዩ ውስጥ ጣለችው። ሰዒዳ ልትወልድ እንደምትመጣ ካወቀች ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ያንን ክፍል አስለቅቃ፣ በአዲስ ጭቃ አስለስና፣ ልጇ አርባዋን እስክትወጣ እዚያ ልታስተኛት ነበር ያሰበችው።

«ለቀበሌ ንገሪያ» አለች ሰዒዳ አፏን ተጉመጥምጣ ስትጨርስ። «ቅሬታ ሰሚ አለ አይደል?»

«ምን ብዬ ነው የምነግረው? ቤት አከራይቼ ደላላው አታለለኝ ብዬ?»

ሰዒዳ አፏን በሻሿ ጠረገች። እናቷ ሰሌኑን ከቤት አውጥታ ግቢው ውስጥ፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ወዲያ በሚወስድበት በኩል አነጠፈችላት። ሁለቱም ቀዩን ውሃ ላለማየት ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሰዒዳ አማት ጉልበት ሕመም፣ በጨፋ ሮቢት ጤፍ ስንት እንደገባ ተነጋገሩ። ሰዒዳ እየተናገረች አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች፤ እናቷ ዞር ስትል መልሳ ትገልጠዋለች። ዓዲላ ይኸንን አየች። ያላየች መስላ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ዛሬ ሐሙስ ነው። ሀጂ ሲራጅ ቤት እሄዳለሁ። ዛሬ ይሰሙኛል» አለች።

ከቀበሌ ውጭ የጀይሉ ነገር የሚሰማው የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ ሀጂ ሲራጅ ቤት ብቻ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከዙሁር ስግደት በኋላ እዚያ ወደጃ ይቀመጣሉ፤ ጫት ተቅሞ፣ ዱአ ተደርጎ፣ በመካከሉ የተጣላ ይታረቃል። ቅሬታ ያለው ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ጫት ይዞ፣ ለሻዩ ስኳር ይዞ ይሄዳል። ዓዲላ ከዚህ በፊት ሁለቴ ሄዳ ሁለቴም ጊዜው መሸ ተብላ ተመልሳለች። ጫቷ ግን አልተመለሰም። በዚህ ሐሙስ ከቀበሌው ሱቅ በራሽን ያገኘችውን፣ ለአራሷ አጥሚት ብላ ያስቀመጠችውን ስኳር ከነከረጢቱ ነጠላዋ ውስጥ ቋጠረች። ገበያው ዳር የምትሸጠው ሴትዮ የጫቱን ዋጋ ስትነግራት ከፍ አደረገችባት። «ለተራው፣ ለቀጠኛው ነው ይኸ ዋጋ?» አለቻት ዓዲላ። «ለሀጂ ቤት ከሆነ ለምለሙን ውሰጂ፣ አዴ። ቀጠኛ ይዞ የሄደ እዚያ ምን ይሰሙታል?» አለችና ሴትዮዋ ራሷ መርጣ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችላት።

በሀጂ ሲራጅ በረንዳ ላይ ሁለት ቅሬታ አቅራቢዎች ቀድመዋት ተቀምጠው ነበር። አንደኛው አያ ሙሀመድኑር ነው፤ ከመስጊዱ ጀርባ አንድ ክፍል ያለው ሽማግሌ። ሌላይቱ ጎረቤቷ መሪየም ናት። ሁለቱም ያው ጀይሉን ሊከሱ ነው የመጡት። ሙሀመድኑር ተከራይ በገባለት ቁጥር ጀይሉ የተሻለ አለልህ ብሎ ያስወጣበታል፤ ተከራዩን ሌላ ቤት አስገብቶ ድለላ ይቀበላል፤ ለእሱም አዲስ አምጥቶ እንደገና ይቀበላል። «ቤቴን የጭነት በቅሎ ማደሪያ አደረገው» አለ ሽማግሌው። «ዛሬ አልምረውም። ወላሂ አልምረውም፤ ሀጂ ፊት ነው የማፈርጠው።»

«ያለፈው ሐሙስም እንዲሁ ብለህ ነበር» አለችው መሪየም።

«ያለፈው ሐሙስ ጥርሴን አሞኝ ነበር።»

«ጫቱን ስትቅምበት አላመመህም።»

ሙሀመድኑር ሣቀ። መሪየምም ሣቀች፤ ከዚያ ፊቷን አጨፍግጋ የራሷን ነገር ጀመረች። ጀይሉ ነርስ ናት ብሎ ያስገባላት ሴት፣ በመስጊድ ሰፈር፣ ከእሷ ጓዳ ጋር በተያያዘ ክፍል ውስጥ አረቄ ትሸጣለች። ማታ ሰካራም በሩን እየተሳሳተ የእሷን ያንኳኳል። «በዚህ ሰውዬ አላህ ይፍረድበት» አለች። ዓዲላ ስታዳምጣቸው ልቧ ቀለል አለላት። ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲል የማይሰማ ሽማግሌ የለም ብላ አሰበች።

ሲጠሩ ገቡ። ክፍሉ ረጅም ነው፤ ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ ትራስ ተደግፈዋል፤ ሴቶቹ ከበሩ በስተግራ ከመጋረጃ ወዲህ ተቀመጡ። ሀጂ ሲራጅ ከላይ ናቸው። ከቀኛቸው፣ ለክብር እንግዳ በሚነጠፈው ምንጣፍ ላይ የተጋደመው ጀይሉ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙህዲን በሸሚዝ ተቀምጧል፤ ካኪ ኮቱ ከራሱ በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያ ቤት ይኸን የማያውቅ የለም፤ ኮቱ ከተሰቀለ ሊቀመንበሩ እዚያ የለም ማለት ነው። ሐሙስ ሐሙስ የከሚሴ የኪራይ ነገር ሁሉ በጆሮው ሥር ይነገራል፤ እሱም አንድም ቀን አልሰማም። የዓዲላ ጫት ተፈትቶ ተዳረሰ። ከሁሉ ለምለሙ ጀይሉ ጉልበት ላይ አረፈ። ጫፍ ጫፉን እየቀነጠሰ፣ ግንዱን ወደ በሩ፣ ወደ ሴቶቹ በኩል ይጥለዋል።

«አዴ ዓዲላ፣ ተቆጣችብህ አሉኝ» አላት አፉን እንደሞላ። «ቁጣሽም እንዲህ ለምለም ነው?»

ሰዎቹ ሣቁ። ሀጂ ሲራጅ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ሙሀመድኑርን አስቀደሙ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። ጀይሉ ቀና ብሎ አየው። «ያው ትንሽ ነገር ነበረች፣ ሀጂ» አለ ሙሀመድኑር። «ደግሞ ጀይሉ የእኛው ልጅ ነው። ያለ እሱ ማን ሰው ያመጣልናል? አውፍ ብዬ ምሬዋለሁ።» «ማሻአላህ» አሉ ሀጂ። መሪየምም ተጠየቀች። አረቄ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ሴትዮዋ ትንሽ እንግዳ ታበዛለች፣ ጀይሉ ቢመክርልኝ ብላ አውፍ አለች። ዓዲላ በመጋረጃው ጫፍ አየቻት። መሪየም የተሰጣትን የሻይ ብርጭቆ ይዛ፣ ስኳሩ እንዲሟሟ ታማስላለች። የዓዲላ ስኳር ነው።

የእሷ ተራ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምንም ሳትጨምር ተናገረች። አስተማሪ ነው ተብሎ ቆዳ እንደገባባት፣ ውሃው እንደሚወርድ፣ ልጇ ለመውለድ ዛሬ እንደመጣችና ከደጅ እንደተቀመጠች አስረዳች። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ቆዳውን ያውጣልኝ። አራስ እዚያ ሽታ ውስጥ አትተኛም» አለች።

«ሀጂ፣ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ» አለ ጀይሉ። ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ድምፁ የሰንበቴ ገበያ ድምፅ ሆነ። «ያን ቀን የነጠላዋን ጫፍ የያዘው ማነው?»

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ጀይሉ ቤትንም የሚያዋውለው እንደ ከብቱ ነው፤ የሻጭና የገዢን እጅ ያጨባብጣል፣ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ አላህ ይባርክላችሁ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ስምምነት አይፈርስም። ባለቤቷ ሴት ስትሆን የባዳ ወንድ እጅ ስለማይነካት፣ የነጠላዋን ጫፍ ስቦ በተከራዩ እጅ ያስይዛል። ዓዲላም ጫፉን ሰጥታ ነበር።

«አስተማሪው ነው የያዘው» አለች።

«ሰምታችኋል። ሙሐመድዘይን አልያዘም። ውሏ ከአስተማሪው ነው። አስተማሪው ቁልፉን ለወዳጁ ቢሰጥ እኔ ምን አገባኝ? በሬ አሻሽጬ፣ በሬው የሰው እህል ቢበላ እኔ ልከሰስ ነው?»

«አንተ ነህ አስተማሪውን ያመጣኸው። ቁልፉን ከአንተ እጅ ነው የተቀበለው፤ ሙሐመድዘይን ራሱ ነግሮኛል።»

«የነገረሽን ነገር እሱን ጠይቂው። ደግሞ አዴ፣ አስቢው እስቲ፤ ቆዳ አይጮህ፣ አይሰክር፣ አምሽቶ አይገባ። እንደ ቆዳ ያለ ተከራይ ከየት ይመጣል?»

አሁን ሣቁ ክፍሉን ሞላው። ሙሀመድኑር ዓይኑ እስኪያነባ ሣቀ። ጓድ ሙህዲን እንኳ፣ እዚያ የሌለው ሰውዬ፣ ትከሻው ተነቃነቀ። ዓዲላ የጀይሉን አፍ አየች። በከንፈሩ ጥግ አረንጓዴ አረፋ ተጠራቅሞ ነበር፤ ሲሥቅ እየተሳበ ይቀጥናል እንጂ አይወርድም። ጠዋት ልጇ አጥር ይዛ ስታስመልስ እንዳየቻት፣ እሷም ግድግዳውን ለመያዝ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ምራቋን ዋጥ አድርጋ እጇን መለሰች።

«አስተማሪው የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ ሀጂ ሲራጅ።

«ወደ ቆላ ተዛውሯል። አውሳ ነው አሉ» አለ አንዱ።

«እንግዲህ ቅሬታሽ በእሱ ላይ ነው፣ ልጄ። አላህ ካለ ሲመጣ እንሰማሻለን። ጀይሉን ግን ለአላህ ብለሽ አውፍ በይው። ልጅሽም በሰላም ትገላገል። ዱአ እናድርግላት።»

ሁሉም መዳፉን ከፍቶ አነሣ። ዓዲላም አነሣች። ሀጂ ሲራጅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰዒዳን በስሟ ጠርተው፣ ምጧን አቅልልላት፣ ወገቧን አጽናላት፣ ልጇን ከዓይን ከነፋስ ጠብቅላት አሉ። «አሚን» አለች ዓዲላ፤ ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ሀጂ ትንፋሽ ሳይወስዱ ቀጠሉ። በዚህ ቤት አውፍ የተባባሉትን ባሮችህን ተቀበላቸው፤ ዓዲላ ለጀይሉ የተወችውን አንተም ተውለት፤ ይኸ ነገር ዳግመኛ አይነሣ። «አሚን» አለ ክፍሉ። ዓዲላ እጇን አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር።

ሀጂ ሲራጅ ዓይናቸውን ገለጡ። ባለነገሩ አሚን ያላለበት ዱአ ነገሩን አይዘጋውም። አልሰሟት እንደሆነ ብለው የመጨረሻዋን ደገሙላት። ሰዎቹ አሚን ብለው ጠበቋት። መሪየም በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ለልጄ አሚን ብያለሁ» አለች ዓዲላ። «ለጀይሉ አላልኩም።»

«ሱብሃነላህ፤ አንድ ዱአ ለሁለት ይከፈላል እንዴ?» አሉ ሀጂ።

«አንቱ ነዎት አንድ ያደረጉት፣ ሀጂ።»

ጀይሉ ማላመጡን አቆመ። ሀጂ ሲራጅ መቁጠሪያቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ጓድ ሙህዲን ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ ኮቱን ከምስማሩ አወረደ፣ አራገፈ፣ ለበሰ። ቁልፎቹን ከሥር ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈ። ጥርሱ ላይ የዓዲላ ጫት አለ።

«ኪራይ ነው ያልሽው?» አላት ዘወር ብሎ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ይመስል ነበር። «የት ነው የሚገኘው ቤቱ?»

ቤቱን ያውቀዋል። በዚያው በር የተወሰዱትን የሦስቱን ክፍሎች ኪራይ ሲሰበስብ ዓመታት አልፈዋል። ዓዲላ ሙሀመድኑርን አየችው። ሽማግሌው ምንጣፉ ላይ የወደቁትን ቅጠሎች በጣቱ እየለቀመ ነበር።

መንገድ ላይ መሪየም እያለከለከች ደረሰችባት። «አሚን ብትዪ ምላስሽ ይቆረጥ ነበር?» አለቻት። «ሊቀመንበሩ አንዴ መስማት ከጀመረ የሁላችንንም ይሰማል። የእኔን ክፍል ልታስወስጂብኝ ነው? እኔስ አረቄውን ችዬ የኖርኩት ወድጄ ነው?» መሪየም የቀረውን መንገድ በሌላ በኩል ተሻግራ፣ አብራት እንዳልመጣች ሆና ሄደች።

ሰዒዳ ጥላው በዞረ ቁጥር ሰሌኗን እየጎተተች አጥሩ ጥግ ደርሳ ነበር። ዘንቢሏን አልፈታችም። እናቷን ስታይ ለመነሣት ሞከረች፤ አቃታት፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሰሙሽ?» አለቻት።

«ሰሙኝ።»

ዓዲላ ከጎኗ ተቀምጣ የልጇን እግር ጭኗ ላይ አወጣችና ያበጠውን ቁርጭምጭሚት ማሸት ጀመረች። ከግድግዳው ወዲያ ዝንቡ ያጓራል። ውሃው ቀትር ላይ በፀሐይ ደርቆ ጥቁር ቅርፊት ሠርቶ ነበር፤ አሁን አየሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና ረጠበ። ሰዒዳ «አማቴ እኮ አትከፋም» አለች። ዓዲላ ማሸቷን ሳታቋርጥ «አውቃለሁ» አለቻት። በመጨረሻው አውቶብስ ሰዒዳ ወደ ጨፋ ሮቢት ተመለሰች።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ጓድ ሙህዲን ከአብዮት ጥበቃ ጋር መጥቶ ክፍሉን ትርፍ ቤት ነው ብሎ ወሰደው። በሳምንቱ ቀበሌው ለሙሐመድዘይን በመኖሪያ ቤትነት አከራየው፤ ቆዳው ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። ሰዒዳ አማቷ ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ዓዲላ ቤቷን ቆልፋ ልጇን ልታርስ ጨፋ ሮቢት፣ የሰዒዳ አማት ጓዳ ገባች።